ከብት የሌለበት የከብት ነጂዎች ሥዕል

አሰላ ውስጥ ጁወይሪያ ሀሰኖን የማያውቅ ባለጉዳይ የለም። ከመሥሪያ ቤቶቹ ማዶ፣ ባጃጆች ከሚሰለፉበት ጥግ ላይ ፎቶ ኮፒ ቤት አላት። ማመልከቻ ልታጽፍ ገብተህ «ነገርህ እርስ በርሱ ይጣላል፤ ሂድና አስበህበት ና!» ብላ ብታባርርህ አይግረምህ። ስንቱን አባርራለች! ሰው እንደሆነ ተመልሶ ወደ እሷው ነው። ጁወይሪያ የጻፈችው ወረቀት ላይ ውሸት እንደማይገኝ ያውቃላ።

ገበያ ቀዝቀዝ ሲል ሌላ ሥራ አላት፤ ማንም ያላዘዛት፣ በፈቃዷ የያዘችው። በኢንተርኔት የሚወጣ አንድ የአማርኛ ኢንሳይክሎፒዲያ አለ፤ ለእሱ ሰዎች የሚልኩትን ጽሑፍ ትገመግማለች። ስለ አርሲ የተጻፈ ከሆነ በእሷ እጅ ያልፋል። እሷ «ይለፍ» ካላለች አይወጣም።

አንድ ጠዋት ስለ ሟቹ ሠዓሊ ስለ በዛብህ የተጻፈ ጽሑፍ ደረሳት። በዛብህ የአሰላ ልጅ ነው። በደጉ ዘመኑ ከአሰላ በታች ቆላ ላይ ወዳለችው ኦጎልቾ ወርዶ ከርሞ፣ ከከታር ወንዝ የተጠለፈውን የመስኖ ቦይ እየደጋገመ ሥሎታል፤ ቦዩን በማለዳ፣ ቦዩን በቀትር፣ ቦዩን ደፍርሶ፣ ቦዩን በሽንኩርት ማሳ መሃል ሲያልፍ። ጸሐፊው ወንደሰን የሚባል፣ አዲስ አበባ የሚኖር የሥነ ጥበብ መምህር ነው። ጁወይሪያ ኦጎልቾ ተወልዳ ያደገች ናትና «እሰይ! እንዲህ ነው እንጂ!» እያለች ማንበብ ጀመረች። «ከብት ነጂዎች» ከሚባለው ሥዕል ስትደርስ ግን ቀጥ አለች።

ሥዕሉ ላይ ሴቶች ቦዩ ዳር ተሰልፈው ቆመዋል፤ የሚታየው ጀርባቸው ነው። ሁሉም ቀጭን ረጅም በትር ይዘዋል። ከሥሩ ወንደሰን እንዲህ ብሏል፦ «የኦጎልቾ ሴቶች ከብቶቻቸውን ውሃ ሊያጠጡ ሲነዱ። የገጠር ሕይወት ሰላምና እርጋታ የታየበት ሥራ።»

«እርጋታ?» ብላ ጮኸች። ኮፒ የሚጠብቀው ሰውዬ ደነገጠ። «እርጋታ ብሎ ነገር! በሬ ወለደ በለኛ!»

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነው፤ ከሥሩ ልንገራችሁ። ያ በትር የከብት በትር አይደለም፤ ሲንቄ ነው። የአርሲ ሴት ስትዳር እናቷ የምታስይዛት በትር ነው። አንዲት ሴት ግፍ ሲደርስባት፣ ይልቁንም አራስ ሳለች እጁን የሚያነሣባት ሲገኝ፣ የሰፈሩ ሴቶች ሲንቄያቸውን ይዘው፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ከየቤታቸው ይወጣሉ። ምድጃ ይጠፋል፤ ላም ሳትታለብ ትውላለች። ወንድ የሆነ መንገዳቸውን አያቋርጥም። በዳዩ ከሽማግሌ ጋር መጥቶ እግራቸው ላይ እስኪወድቅ ድረስ ወደ ቤት መመለስ የሚባል ነገር የለም።

በዛብህ ኦጎልቾ በከረመበት ዘመን ሴቶቹ ሲንቄ ይዘው ቦዩ ዳር የወጡት አንድ ቀን ብቻ ነው፤ ያን ቀን የተመቱት አራስ የጁወይሪያ እናት ሰኪና ናቸው። የመታቸው የባላቸው ወንድም ከዲሮ ነው፤ ባላቸው ሀሰኖ በሌለበት፣ በውሃ ተራ ጠብ። አጠገባቸው የተኛችው ጨቅላ ጁወይሪያ ራሷ ናት። እንግዲህ ሰላምና እርጋታ የተባለው ይሄ ነው!

ጁወይሪያ አስተያየቷን ጻፈች፦ ሴቶቹ ከብት እየነዱ ሳይሆን ሲንቄ ይዘው ለአቤቱታ ወጥተው ነው፤ ይታረም። የወንደሰን መልስ ሳይውል ሳያድር መጣ፦ ርዕሱን የሰጠው ሠዓሊው ራሱ ነው፤ ከሸራው ጀርባ በእጁ ጽፎታል። ገምጋሚዋ ሌላ የሚሉ ከሆነ የታተመ ምንጭ ያቅርቡ።

የታተመ ምንጭ! ደሟ ፈላ። ስልኩን ፈልጋ ደወለችለት።

«መምህር፣ አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎት። ከብቶቹ የት አሉ? እስቲ አንዲት ጥጃ ያሳዩኝ!»

«ከብቶቹማ ከሸራው ውጪ ናቸው» አለ ወንደሰን ረጋ ብሎ። «ሠዓሊው ሆን ብሎ ነው የተዋቸው፤ ተመልካቹ በምናቡ እንዲያያቸው። የሥራው ረቂቅነት እዚያ ላይ ነው።»

«ምን ዓይነት ጉድ ነው! እኔ እኮ ያን ቀን ነበርኩ!»

«እሺ፤ ዕድሜዎ ስንት ነበር?»

«ጨቅላ ነበርኩ።»

ወንደሰን ሳቀ። በክፋት አልነበረም፤ ሳቁ አመለጠው። እሷ ግን ስልኩን ጆሮው ላይ ጠረቀመችበት።

ሱቋን ዘግታ በሚኒባስ ኦጎልቾ ወረደች። መንገዱን ሙሉ የምትጽፈውን በሆዷ ስታረቅቅ ነበር። ከዲሮን ከነአባቱ ስም ልታወጣው ቆርጣለች፤ ማን ማንን እንደመታ አገር ይስማ!

እናቷን ጓሮ አገኘቻቸው፤ ስልኩን አወጣችና ሥዕሉን አሳየቻቸው። ሰኪና ሥዕሉን አይተውት አያውቁም። እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠርገው ስልኩን ተቀበሉ፤ ወደ ዓይናቸው አስጠጉት።

«ይቺ ዙቤዳ ናት» አሉ፤ «ግራ ትከሻዋ ዘንበል ይላል። ይቺ ሙቢና፣ አላህ ይዘንላት። ይቺ ደግሞ ቢሊሱማ...» ፊት የሚባል ሳይታይ ሁሉንም በጀርባቸው ለይተው ጠሯቸው። ዓይናቸው ውሃ ሞላ።

«ከብት ነጂዎች ተብላችኋል፣ አዮ፣ እናቴ! ያለውም ሠዓሊው ራሱ ነው!»

«በዛብህማ ምን ያድርግ» አሉ ሰኪና በምሬት። «የሚያድረው ከዲሮ ቤት፣ የሚበላው ከዲሮ ማዕድ። ከቦዩ ማዶ ቆሞ ቀኑን ሙሉ አይቶናል። እጁ ያየውን ሣለ፤ አፉ የጎረሰውን ፈራ።»

«እንግዲያው ከዲሮን ነው የማዋርደው! በስሙ ነው የምጽፈው!»

«አትጽፊም!» እናትየው ቱግ አሉ። «ከዲሮ መጥቶ እግራችን ላይ ወድቋል። ጊደር ታርዷል፤ ታርቀናል። በዕርቅ ያለቀ በደል ተመልሶ አይነሣም። ካነሣሽው አሁን በዳይዋ አንቺ ነሽ።»

«ታዲያ ዝም ልበል? ከብት ሲነዱ ነበር ይባል?»

«ማን ዝም በይ አለሽ! አንቺ የተቆጣሽው የወንዱ ስም ስለቀረ ነው? የእኛስ? እነዚህ ሴቶች ያን ቀን ልጆቻቸውን ጥለው፣ ባሎቻቸውን አስቆጥተው ነው የወጡት። ግማሾቹ አፈር ገብተዋል። የጠፋነው እኛ ነን! ደውይለት።»

ጁወይሪያ ነገሩ ገባት። እውነትም ስትናደድ ስለ ከዲሮ እንጂ ስለ ዙቤዳ አላሰበችም። ደወለችና ስልኩን ለእናቷ ሰጠች።

«እህቴ፣ ምንጭ ካላገኙ እኮ ደንቡ...» ብሎ ጀመረ ወንደሰን።

«እናቷ ነኝ» አሉ ሰኪና፣ ኦሮምኛ በሚጫነው አማርኛቸው። «እስክሪብቶ ያዝና ጻፍ፣ ልጄ። ከግራ ጀምር። ዙቤዳ። ሙቢና። ቢሊሱማ...» እስከ መጨረሻዋ ድረስ ከነአባታቸው ስም ጠሩለት። «የሴት በደል አስወጥቷቸው፣ ሲንቄ ይዘው ነው የቆሙት። የበዳዩን ስም አትጠይቀኝ፤ ታርቋል። እነዚህን ግን አንዷንም እንዳትዘል!»

«እሺ፣ እማማ» አለ ወንደሰን። ድምፁ ውስጥ አሁንም ጥርጣሬ አለ። «እርስዎስ ሥዕሉ ላይ የትኛዋ ነዎት?»

«እኔ የለሁበትም» አሉ ሰኪና። «እኔ አራስ ቤት ተኝቼ ነበር፤ የተመታሁት እኔ ነኝ፤ ጥርሴ ወልቆ፣ አፌ እየደማ። የቆሙት ለእኔ ነው።»

ከስልኩ ውስጥ ወረቀት ሲገለጥ ተሰማ። ወንደሰን፣ «እማማ፣ የሦስተኛዋን የአባት ስም አልያዝኩትም፤ ይድገሙልኝ» አለ።