የእማሆይ ጨርቅና የእኔ ማርሚታ

ኢየሩሳሌም ውስጥ ካለው ባለሞተር ሁሉ፣ መነኩሴ ይዘውለት ማርሚታ የገጠመ እኔ ብቻ ነኝ። አላመናችሁም አይደል? ሚስቴም አላመነችኝም። እሷ እንኳን ይህን፣ ዳቦ ገዝቻለሁ ስላትም ዳቦውን ካላየች አታምነኝም።

ማርሚታ ማለት የሞተርሳይክል ጭስ ማውጫ ነው። ቃሉን ጎንደር ሳለሁ ጋራዥ በር ላይ ቆሜ ነው የለቀምኩት፤ ሙያውንም እንዲሁ። አስተማሪ አልነበረኝም። ያበላሸሁት ዕቃ ሁሉ አስተማሪዬ ነው፤ ስለዚህ በጣም የተማርኩ ሰው ነኝ።

ነገሩ የሆነው ዓርብ ከሰዓት ነው። ከተማ መሀል ካለ አንድ ጋራዥ የሚያብረቀርቅ ማርሚታ ገዛሁ። የድሮው ምንም አልነበረበትም፤ ድምፁ ግን እንደ ልብስ ስፌት መኪና ነው። በዚህ ቁመናዬ የልብስ ስፌት መኪና ላይ ተቀምጦ መሄድ ሰለቸኝ። ቤት ወስጄ እንዳልገጥመው ሚስቴ "ያ የሚያጓራ ነገር ደጃፌ እንዳይደርስ" ብላለች። ስለዚህ እዚያው ቅርብ ጸጥ ያለው ኢትዮጵያ ጎዳና ገባሁና ከኢትዮጵያውያን ገዳም ግንብ ሥር መሣሪያዬን ዘረጋሁ። ሃያ ደቂቃ ነው አልኩ። ሁልጊዜ ሃያ ደቂቃ ነው የምለው።

ሰዓት የምቆጥረው በምክንያት ነው። አባቴ ቃታሞኒም የሚባለው ሰፈር ብቻውን ይኖራል። ያን ሰንበት ሚስቴ ከልጆቹ ጋር እህቷ ዘንድ ስለሄደች፣ እሱ ዘንድ የማድረው እኔ ነበርኩ። አባቴ በቤተ እስራኤል ወግ ዓርብ ከቀትር በኋላ ስልኩን አጥፍቶ መሳቢያ ውስጥ ይከተዋል፤ ከዚያ ወዲያ በፈጣሪ በኩል ካልሆነ አይገኝም። ሻባት፣ ማለትም ሰንበት፣ መግባቷን የሚያውጀው ሳይረን ጮኾ ካልደረስኩ ደግሞ ጫማውን አድርጎ ፍለጋ ይወጣል። ባለፈው ክረምት እንዲሁ ወጥቶ ትራፊክ መብራቱ ጋ ወደቀ። ዳሌው እስካሁን በቅጡ አልዳነም። ጆሮውም ደክሟል፤ የአውቶቡስ ጥሩምባ የሚሰማው አውቶቡሱ ትከሻው ላይ ሲደርስ ነው።

የድሮውን ማርሚታ ፈታሁ። ሞተሩ ላይ ያለው ቀዳዳ አፉን ከፍቶ ቀረ። አንድ ዳዶ ወይ ጠጠር እዚያ ከገባ አለቀልኝ። የምወትፈው ነገር ስፈልግ ከገዳሙ በር አንዲት እማሆይ ባልዲና ጨርቅ ይዘው ብቅ አሉ። ቀጭን ናቸው፤ የአገሬ የጎንደር ሰው መሆናቸውን ገና ሰላም ሲሉኝ አወቅሁ።

"እማሆይ፣ ብጣሽ ጨርቅ አይጠፋዎትም?"

"ይችን ውሰድ። የበሩን እጀታ የምወለውልባት ናት። መልሳት።"

"እንዴታ፣ አጥቤ ነው የምመልሳት።"

"ማጠቡ ይቅር። መልሳት።"

ወተፍኩ። አዲሱን ማርሚታ ደቀንኩ፣ ሁለቱን ዳዶዎች አጠበቅሁ፣ ራቅ ብዬ አየሁት። እውነቴን ነው፣ ፋብሪካውም እንዲህ አሳምሮ አይገጥም።

ማስነሻውን ተጫንኩ። ክር ክር ክር አለና ዝም። ደገምኩ። እሳት የሚረጨውን ካንዴላ ፈትቼ ጠረግሁ፤ ዝም። ቤንዚኑን አየሁ፤ ሞልቷል። ባትሪው እየደከመ ድምፁ የሽማግሌ ሳል መሰለ። ፀሐይዋ በግንቡ ላይ ሽቅብ መሸሽ ጀመረች። ከጎን ካለው ሰፈር ጥቁር ካፖርት የለበሱ ሃይማኖተኛ አይሁዶች፣ ለሰንበት ታጥበው ጺማቸው እንደረጠበ፣ ወደየቤታቸው ይሮጣሉ። መንገዱ ሊዘጋ ነው፤ ታክሲ የሚባል የለም። በእግር እስከ ቃታሞኒም አንድ ሰዓት ነው። አባቴ መብራቱ ጋ ለመድረስ አሥር ደቂቃ ይበቃዋል። ይህን ሒሳብ ሦስቴ ሠራሁት፤ ሦስቴም አባቴ ቀደመኝ።

 ቀልድ ከአፌ ጠፋ። ያን ሰዓት ያየኝ ሰው ቁም ነገረኛ ነው ይለኝ ነበር።

እማሆይ ተመልሰው መጡ።

"ጨርቄስ?"

"እማሆይ፣ አባቴ መንገድ ላይ ሊወድቅብኝ ነው፣ እርስዎ ስለ ጨርቅ ይጠይቁኛል?"

"አባትህን አላውቃቸውም። ጨርቄን አውቃታለሁ። በር ልዘጋ ነው።"

ኪሴን ዳበስኩ። የመሣሪያውን ከረጢት ገለበጥኩ። ሞተሩ ሥር ተንበርክኬ አየሁ፤ እንደተንበረከክሁ ቀረሁ።

"ምነው?" አሉ።

"እማሆይ፣ ውስጥ ናት።"

"ገዳሙ ውስጥ?"

"ሞተሩ ውስጥ።"

ለካ አፉን ወትፌ ነው ተነስ ተነስ የምለው። ፈታሁና ጨርቋን መዝዤ ኪሴ ከተትኳት። መልሶ መግጠሙ ግን ሦስት እጅ ይፈልጋል፤ የእኔ ሁለት ብቻ ናቸው። እማሆይ እጅጌያቸውን ሰበሰቡና ማርሚታውን ከታች ደግፈው ያዙት።

"ይከብድዎታል።"

"ከእንስራ አይብስም። ቀዳሚት ሰንበትን እኛም እናከብራታለን፤ ይልቅ ፍጠን።"

ገጥሜ ማስነሻውን ስጫነው ሞተሩ ተነሳ። ርግቦቹ ከጉልላቱ በረሩ፤ ከፎቅ አንዲት ሴት ብቅ ብላ ማን እንደሆንኩ በዕብራይስጥ ነገረችኝ። እማሆይ አማተቡና "ይህን ድምፅ ፈልገህ ነው የገዛኸው?" አሉ። ሞተሬ ላይ ዘልዬ ወጣሁና ፈተለክሁ።

ሳይረኑ መንገድ ላይ ያዘኝ። ቃታሞኒም ስደርስ የአባቴ በር ተቆልፏል። ጎረቤቱ ከሰገነቷ ሆና "ጫማቸውን አድርገው ወጡ እኮ፣ አሥር ደቂቃ ይሆናል" አለችኝ።  ሞተሩን ወደ መብራቱ አዞርኩ። ነጭ ጋቢውን ከሩቅ ለየሁት። አንድ እግሩ አስፋልቱ ላይ ነው፣ መብራቱ ለእሱ ቀይ ነው፣ ከላይ ደግሞ ሻባት የቀደመችው አንድ መኪና እየበረረ ይወርዳል። የነዳጅ መስጫውን እስከ ጥጉ ጠመዘዝኩት። ማርሚታው አገሣ። ጥሩምባ የማይሰማው አባቴ እግሩን መልሶ ዞረ። መኪናው ፊቱ አለፈ።

"ማነው ይሄ ባለጌ፣ በሰንበት መግቢያ?" አለ። ከዚያ አየኝ። "አንተ ነህ?"

"እኔ ነኝ፣ አባ።"

"አጥፋው።"

አጠፋሁት። ሳይረኑ ከጮኸ በኋላ ሞተር ላይ እንደማይወጣ አውቃለሁ። እሱ በምርኩዙ፣ እኔ ሞተሬን እየገፋሁ ዳገቱን ወጣን።  የሰፈሩ ሰው ሁሉ ለሻባት ለብሶ በየሰገነቱ ቆሞ ያየናል።

እንግዲህ ውሸቱን ነው የምትሉ፣ እግር አላችሁ። ቃታሞኒም ሄዳችሁ ያችን ጎረቤት ጠይቁ። ኢትዮጵያ ጎዳና ሄዳችሁም የገዳሙን በር አንኳኩና እማሆይን ጠይቁ። ብቻ ከእኔ እንደመጣችሁ ስትነግሯቸው፣ አስቀድመው እሳቸው ናቸው ስለ ጨርቃቸው የሚጠይቋችሁ።