በላቲን ፊደል የተጻፈ ሌባ

ቂመኛ ነኝ። ኋላ እንዳትታዘቡኝ አስቀድሜ ልናገር። ሰው ሲበድለኝ አፌ ምንም አይልም፤ ሆዴ ግን ይይዛል። እናቴ «ያንቺ ሆድ ፍሪጅ ነው፤ የገባበት ነገር አይበላሽም» ትለኛለች። ስለ ፍሪጅ ደግሞ እሷ ታውቃለች።

ኦስሎ ተወልጄ ፉሩሴት የሚባል ሰፈር ነው ያደግኩት፤ እኔና እናቴ፣ ሰባተኛ ፎቅ። እናቴ የአረጋውያን ረዳት ናት። ቤት ለቤት እየዞረች ታጥባለች፣ ታበላለች፣ መድኃኒት ትሰጣለች። ሙሉ ሥራ የሚሰጣት ስላጣች ሁለት ድርጅት ውስጥ ግማሽ ግማሽ ትሠራ ነበር። የሁለቱም ቱርኑስ፣ የፈረቃው ሰንጠረዥ ማለት ነው፣ ፍሪጃችን በር ላይ ተለጥፎ ይኖራል፤ በግራ የአንዱ፣ በቀኝ የሌላው። መሐሉ ላይ ከማስታወቂያ ወረቀት በቁመቱ የቀደደችውን ብጣሽ ትለጥፍና ሦስት ነገር ብቻ ትጽፍበታለች፤ ዛሬ የት እሄዳለሁ፣ ቁልፉ ማን ጋ ነው፣ ብታመም ማን ይተካኛል። ሁለቱ ሰንጠረዦች ቢስማሙም ቢጣሉም እሷ መሐሉን አይታ ትወጣለች። እኔም ወተት ባወጣሁ ቁጥር እሱን እያየሁ አደግኩ።

ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ ሥራ ስፈልግ፣ በፈረንጆቹ 2010ዎቹ አጋማሽ ላይ፣ እናቴ ከምትሠራባቸው ሁለት ድርጅቶች አንዱ ሌላውን ገዛው። ሄልስፊር ያለው ዋና ቢሮ ልትወልድ የወጣች ሠራተኛ የሚተካ ሰው ፈልጎ እኔን ቀጠረ። እንዲህ ያለውን ጊዜያዊ ሥራ ቪካሪያት ይሉታል፤ ዓመት ሳይሞላ አበባ ይዘው ይሸኙሃል። ቋሚው ደግሞ «ፋስት» ነው። የኔ እኩዮች እግዜርን ሌላ ምን እንደሚለምኑት አላውቅም፤ ፋስትን ግን ሁሉም ይለምናሉ። አለቃዬ በመጀመሪያው ሳምንት «ይሄ ሁለቱን ድርጅት የማዋሐድ ፕሮጀክት ካማረ የአርክቴክቱ ቦታ ፋስት ሆኖ ያንቺ ነው» አለኝ። አመንኩት። ምን ላድርግ፣ ልጅ ነበርኩ።

አርክቴክት ስል ቤት የሚሠራ እንዳይመስላችሁ። ሁለት ድርጅት አንድ ሲሆን የማን ኮምፒውተር ከማን ጋር እንደሚነጋገር፣ የትኛው ሥራ በየት በኩል እንደሚያልፍ የሚነድፍ ሰው ነው። ምርጫው ሁለት ነበር። አንደኛው ድርጅቱ የቀጠራቸው አማካሪዎች ያመጡት፤ ዓመት ተኩል ሙሉ ሁሉንም ከላይ እስከ ታች ንደፍ፣ ከዚያ ሁለቱን አሮጌ ሲስተሞች በአንድ ቀን አጥፍተህ ትልቁን አዲስ ትከል። ማህደራቸው ጡብ ያክላል። ሁለተኛው የኔ፤ አሮጌዎቹን ለጊዜው ባሉበት ተዋቸው፣ መሐላቸው አንድ ስስ ንጣፍ አስገባ፣ ንጣፉም ረዳቷ ጠዋት ከቤቷ ስትወጣ የሚያስፈልጋትን ብቻ ከሁለቱም ጠይቆ ያምጣላት፤ ከዚያ ሥራውን አንድ በአንድ ቀስ ብለህ አዛውር። በአንድ ወረቀት ነደፍኩት፤ ግራ ሳጥን፣ ቀኝ ሳጥን፣ መሐል ቀጭን የቁመት መስመር። ከየት እንደመጣልኝ እንጃ። ጎበዝ ስለሆንኩ መሰለኝ።

አለቃዬ ወረቀቱን አየና «ታምራለች» አለኝ፣ የሕፃን ሥዕል ሲያዩ እንደሚባለው። ወረቀቱን ግን አልመለሰልኝም። ሁለት ሳምንት ቆይቶ የኃላፊዎች ስብሰባ ላይ ቃለ ጉባኤ ልይዝ ተቀምጫለሁ፤ ብድግ አለና «ቅዳሜ በረዶ ላይ ስንሸራተት አንድ ሐሳብ መጣልኝ» ብሎ ግድግዳው ላይ አበራው። ሳጥኖቼ! ቀጭኑ መስመር እንኳን እኔ እንደቀባሁት አረንጓዴ ነው። ከታች የሱ ስም። ሰዉ አጨበጨበለት። ዞሮ እኔን «ቃለ ጉባኤው ላይ አስገቢው፣ እሺ?» አለኝ። የሌባ ዓይነ ደረቅ፣ መልሶ ልብ ያደርቅ! በገዛ እጄ፣ ሐሳቡ የሱ ነው ብዬ ጻፍኩ።

በባቡር ወደ ቤት ስመለስ ደሜ እየፈላ ነበር። ብሪን ሰፈርን ሳልፍ አለቅሳለሁ፣ ፉሩሴት ስወርድ ግን አላለቅስም፤ ምክንያቱም መላ አግኝቻለሁ።

የኖርዌጅ ቢሮ ያለ ምህጻረ ቃል አይኖርም። ስም የሌለው ፕሮጀክት ሰው አይቆጥረውም። በማግስቱ አለቃዬ ዘንድ ገባሁና ፈገግ ብዬ «ለቦርዱ ሲቀርብ እኮ ስም ያስፈልገዋል፤ አንድ አስቤልሃለሁ» አልኩት። ሌት ኤንሄትሊ ቤድሪፍትስአርኪቴክቱር። ቀላልና የተዋሐደ የድርጅት አርክቴክቸር ማለት ነው፤ ኖርዌጅኛው እንከን የለውም። የመጨረሻዋን ረጅም ቃል ለሁለት ከሰነጠቅኳት የላቲን ፊደሎቹ አራት ይሆናሉ፤ ኤል፣ ኤ፣ ቤ፣ አ። ሲገጣጠሙ ሌባ። ከምላሴ ሳይወርድ ደገመው። «ሌባ፣ ሌባ… አጭር ነው፣ ይጥማል!» አለኝ። የእግዜር ያለህ፣ ሳቄን የዋጥኩት በጥርሴ ነክሼ ነው።

የቦርዱ ቀን ደረሰ። ሁለት ነገር ይወሰናል፤ የትኛው መንገድ እንደሚመረጥና ማን እንደሚመራው። እኔ የተጠራሁት ኮምፒውተሩ ጋ ተቀምጬ ገጽ እንድገፋለት ነው። ቪካሪያቴ ሊያልቅ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል፤ ስለ ፋስት ትንፍሽ ያለ የለም። እዚህ አገር ሠራተኞች ቦርድ ውስጥ ወኪል ይመርጣሉ፤ የተመረጠችው ደግሞ እናቴ የምትሄድበት የኢትዮጵያውያን ፕሮቴስታንት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የምትዘምር፣ ሃምሳውን የዘለለች ረዳት ናት። ማን እንደተመረጠ አላውቅም ነበር። ስትገባ ነው ያወቅኩት።

አለቃዬ ጀመረ። ገጹ በራ፤ የግድግዳው ግማሽ በሚያክል ፊደል፣ ሌባ። ሴትየዋ መነጽሯን አወለቀች፣ ጠረገች፣ መልሳ አጠለቀች። እሱ ይናገራል፦ ሌባ ይቆጥብልናል፣ ሌባ በየቤቱ ይገባል፣ በሁለት ዓመት ውስጥ ሁላችንም ሌባ ላይ እንሆናለን። እሷ አንድ ጊዜ ወደኔ ዞረች። እኔ መዳፊቱን አየሁ።

እጇን አወጣች። «ይቅርታ፣ አንድ ነገር ልጠይቅ፤ ከዚህ ሌባ ጀርባ ያለው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ» አለ፣ ደረቱን ነፍቶ።

«አንተ ራስህ? ብቻህን?»

«ያ፣ ያ! ሌባ ማለት እኔ ነኝ ብትዪ ይቻላል» ብሎ ሳቀ። ሌሎቹም አብረው ሳቁ። እኔ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። እስከ ዛሬ ሲከፋኝ ያቺን ዓረፍተ ነገር አውጥቼ እሰማታለሁ።

እሷ ግን አልሳቀችም። «እሺ፤ አንተ ከሆንክ ታውቀዋለህ» አለችው። «ቅዳሜ ጠዋት አመመኝ። የምረዳት አሮጊት ቤት ቁልፍ እኔ ጋ ነው። በንድፍህ ላይ በየት በኩል አልፎ ነው ተተኪዬ ጋ የሚደርሰው?»

ንድፉን አየ። ግራውን ሳጥን ነካ፣ ቀኙን ነካ፣ «ይሄ ዝርዝር ነው፣ በኋላ…» አለ። ከዚያ ዞሮ እኔን አየኝ። የለመነኝ ያን ጊዜ ብቻ ነው፤ በዓይኑ። እኔም ወለሉን አየሁ። ይለምን! አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያልኩ ልቤ ውስጥ ቆጠርኩ፤ አሥር ስደርስ የቦርዱ ሰብሳቢ ተቁነጠነጡ። ሴትየዋ «እስቲ ልጅቷ ትሞክረው» አለች። ተነስቼ መሐል ያለውን መስመር ከላይ እስከ ታች በጣቴ ሄድኩበት፤ ቁልፉን፣ ተተኪዋን፣ ሕመሙን፣ ሁሉንም። ስጨርስ ሰብሳቢው እሱን ሳይሆን እኔን «በዚህ ላይ ምን ያህል ጊዜ ሠራሽ?» ብለው ጠየቁኝ። ንድፉ የማን እንደሆነ ሁሉም ገባቸው። የአማካሪዎቹ ጡብ ተመለሰ፣ የኔ መንገድ ተመረጠ፣ ከሳምንት በኋላ የፋስት ውሌን ፈረምኩ።

በዚያው ቀን ኮሪደሩ ላይ ሴትየዋ ክንዴን ያዘችኝ።

«አንቺ ነሽ አይደል ስሙን ያወጣሽው?»

«እትዬ፣ እሱ እኮ ነው መጀመሪያ…»

«መስረቁንማ አየሁት። ቢሆንም ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ነው፤ አንድ ቀን ያስልሻል። ስሙን አስቀይሪ። ለእናትሽ አልነግርም።»

«እሺ» አልኳት። አላስቀየርኩም። ለምን ብዬ? አለቃዬ በበጋው ሥራ ቀይሮ ሄደ፤ ኢንተርኔት ላይ በፎቶው ሥር ምን ብሎ እንደጻፈ ታውቃላችሁ? «የLEBA ፈጣሪ»። ከሞያሌ እስከ ፉሩሴት ያለ ሐበሻ ገብቶ ያንብበው። በሳምንት አንዴ እየከፈትኩ አየዋለሁ፤ እንዳያጠፋው እጸልይለታለሁ።

ስሙ ግን ገና እናቴና ሌሎቹ ረዳቶች ጋ አልደረሰም ነበር። መጀመሪያ ወደ ረዳቶቹ የወጣው የድርጅቱ ውስጣዊ ድረ ገጽ ስለ አዲሱ አሠራር ዜና ሲያወጣ ነው። ትልቅ ፎቶ፤ እኔ ከንድፉ አጠገብ ቆሜ፣ እጄን አጣምሬ። «ሐሳቡ ከየት መጣ?» ብለው ጠይቀውኝ ነበር፤ «ከራሴ» ብዬ መልሻለሁ። አሳትመውታል።

እናቴ ከሥራ ገብታ ወጥ ቤት ተቀመጠች፣ ድርጅቱ የሰጣትን ታብሌት ከፈተች። እኔ ምርቃቷን እየጠበቅኩ ቆሜያለሁ። መጀመሪያ «እሰይ ልጄ፣ እሰይ!» አለች። ከዚያ በሁለት ጣቷ ፎቶውን አሰፋችው። ግራውን ሳጥን አየች፣ ቀኙን አየች፣ መሐሉን አየች። ቀና ብላ የፍሪጁን በር አየች። እኔም ያን ጊዜ ነው ያየሁት፤ እውነቴን ነው፣ ያን ጊዜ ነው።

«ይሄ… የኔ ፍሪጅ አይደለም እንዴ?» አለችኝ።

ቁጣ የለባትም፤ ቁጣ ብትሆን ይሻለኝ ነበር። ስሟን ስትፈልግ አየኋት፤ ጽሑፉን ከላይ ወደ ታች በጣቷ ወረደች፣ እንደገና ከላይ ጀመረች፣ የለም። ጣቷ ከፎቶዬ ሥር ስሜ ላይ ቆመ። ከስሜ ቀጥሎ ማዕረጌ ተጽፏል፤ LEBA-arkitekt። ኖርዌጅኛ ስታነብ ፊደል በፊደል ነው።

«ኤል… ኤ… ቤ… አ» አለች። «ሌባ።»

መነጽሯን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«እነሱስ አውቀውሻል» አለችኝ።