ሦስት ካሜራና አንድ ሰው

ሸዋ ሮቢት ላይ ሠርግ በሦስት ካሜራ የሚቀርጽ ሰው እኔ ብቻ ነበርኩ። ሦስት ሠራተኛ ነበረኝ ማለቴ አይደለም። ካሜራው ሦስት ነው፣ ሰውየው አንድ ነው። ስቱዲዮዬ በር ላይ «በሦስት ካሜራ እንቀርጻለን» የሚል አስጽፌ ነበር፤ ሰው ገብቶ የቀሩት የት ሄዱ ሲለኝ መስክ ወጥተዋል እለው ነበር።

አሠራሩ ቀላል ነው። አንዱን ካሜራ በእጄ እይዛለሁ። ሁለተኛውን ዳሱ ውስጥ ከሙሽሮቹና ከወላጆች ፊት ለፊት በእግሩ አቆመዋለሁ። ሦስተኛውን መግቢያው ላይ እተክለዋለሁ። ካሴቱ በየሰዓቱ ስለሚያልቅ ቀኑን ሙሉ ከአንዱ ወደ ሌላው እሮጣለሁ። ማታ ሳየው፣ ካሜራ ሁለት እኔ ወደ ካሜራ ሦስት ስሮጥ ቀርጾኛል፤ ካሜራ ሦስት ደግሞ ስመለስ ጀርባዬን ይዟል። ከሙሽራው ይልቅ እኔ የበዛሁበት ሠርግ አለ። አንዲት የሙሽራ እናት ፊልሙን ሲያዩ «ይሄ የሚሮጠው የማን ወገን ነው?» ብለው ጠየቁ አሉ።

ሞባይል ከተማችን ገና በገባበት ሰሞን አንዲት ልጅ ከዓረብ አገር ደወለችልኝ። አባቷ ከከተማ ወጣ ብሎ ወደ ጀውሃ በሚወስደው መንገድ ማሾና ሽንኩርት የሚያለሙ ገበሬ ናቸው። ታናሽ እህቷ በጥር ልትዳር ነው።

«ሌላው ቢቀር ግድ የለኝም» አለችኝ። «እህቴ የአባቴን ጉልበት ስማ ስትመረቅ፣ ያንን ብቻ እንዳታስቀርብኝ። እኔም ከኋላዋ ተንበርክኬያለሁ ብዬ ነው የማየው።»

ነገሩን ዘርዝራ ነገረችኝ። ከስድስት ዓመት በፊት አባቷ እሷን ለጎረቤት ልጅ ሊድሩ ለሽማግሌዎች ቃል ሰጥተው ነበር። ጠላው ሊጠነሰስ ሲል ለማንም ሳትናገር በደላላ ወጣች። አባቷ በሽማግሌዎቹ ፊት አንገታቸውን ደፉ። ከዚያ ወዲህ አላነጋገሯትም። ከተማ ውስጥ አንድ ዘመድ ሱቅ ስትደውል እናቷ መጥተው ያናግሯታል። አባቷም አብረው ይመጣሉ፤ ግን ሱቁ ደጃፍ ላይ ቆመው ይጠብቃሉ እንጂ አይገቡም።

እሺ አልኳት። ሦስት ካሜራ ያለው ሰው እሺ ከማለት ሌላ ምን ይላል?

የሠርጉ ዕለት ፀሐዩ ገና በጠዋቱ ሥራውን ጀመረ። የጥር ፀሐይ ለደጋ ሰው መሞቂያ ነው፤ እኛን ግን ይጠብሰናል። ዳሱ በባሕር ዛፍ እንጨትና በሸራ የተሠራ ነው፤ ሸራው ግን እስከ ወላጆች ወንበር አልደረሰም። ካሜራ ሁለትን እዚያው ፊት ለፊታቸው፣ ፀሐይ ላይ አቆምኩት። ሙሽራው መጣ። የሙሽሪት ወገን ሴቶች በሩን ዘግተው አናስገባም አሉ፣ ሚዜዎቹ ለመኑ፣ ተገባ፣ ተበላ፣ ተጠጣ። እስከዚህ ድረስ ያለው ሁሉ ካሴት ላይ አለ።

ችግሩ የመጣው ከመንገዱ ነው። መኪና መንደሩ ድረስ አይገባም፤ ሙሽሮቹ አስፋልቱ ዳር እስኪደርሱ በሽንኩርት ማሳ መሐል ሩብ ሰዓት ያህል በእግራቸው ይሄዳሉ። ነጭ ቬሎ በአረንጓዴ ሽንኩርት መሐል! ቀራጭ እንዲህ ያለ ነገር በየሠርጉ አያገኝም። ጉልበት ሊሳም ሲል ቆም ብዬ አሰብኩ። ካሜራ ሁለት አባትየውን ፊት ለፊት ይዟል። ካሴቱን አሁን ቀይሬዋለሁ። ቀይ መብራቱ በርቷል። ታዲያ እኔ እዚህ ምን አደርጋለሁ? ቀድሜ ሄጄ ማሳው ጫፍ ላይ ጠበቅኋቸው። ስግብግብነት ነው፤ ያኔ ግን ሙያ ነበር የመሰለኝ።

መኪናዎቹ ከሄዱ በኋላ ላብ እያጠመቀኝ ተመለስኩ። ካሜራ ሁለት ነጠላ ተከናንቦ ቆሟል።

«ማን ነው ያለበሰው?» አልኩ።

የሙሽሪት አክስት ደስ ብሏቸው መጡ። «እኔ ነኝ የኔ ልጅ። ባለቤቱ ጥሎት ሄዶ ፀሐይ ሲበላው አሳዘነኝ። እጄን ባስጠጋው እንደ እሳት ይፋጃል!»

«መቼ ነው ያለበሱት፣ እትዬ?»

«ኧረ ቆየሁ። ሙሽሪት ጉልበት ልትስም ስትነሣ ነው።»

አመሰገንኳቸው። ምን እላለሁ? ሞፈር ብቻውን አያርስም፤ ሰው ያልያዘው ካሜራም ብቻውን ይሠራል ብሎ የሚጠረጥር የለም። እሳቸው ለእኔ ንብረት አዝነው ነው፤ ጥፋቱ ጥዬ የሄድኩት የኔ ነው። አፈርኩ። ልጅቱ የለመነችኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር።

አባትየው ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ ነበሩ። ሄጄ ጎንበስ አልኩ። «ጋሼ፣ ምርቃቱ በምስል አልገባልኝም። እንደገና ቢሉልኝ ብዬ ነበር።»

«ማንን ልመርቅ? ልጅቱ እንደሁ ሄደች። ለባዶ መሬት ይመረቃል?»

«እንግዲያ ለታላቂቱ ይሁን። ዓረብ አገር ላለችው።»

በትራቸውን አነሡ። ሊመቱኝ መስሎኝ ነበር፤ ተደግፈውት ተነሡና ወደ ከብቶቹ ሄዱ።

በማግስቱ ስቱዲዮ ገብቼ ካሴቱን ከፈትኩት። ምስሉ ነጭ ነው። የነጠላው ክር አንድ በአንድ ይቆጠራል፤ በሕይወቴ እንዲህ የጠራ ምስል ቀርጬ አላውቅም። ድምፁ ግን አለ። አባትየው «ውለጂ፣ ክበጂ፣ የነካሽው ይባረክ» ሲሉ፣ ዳሱ ሙሉ ሰው አሜን ሲል ይሰማል። ከዚያ ዘፈኑ እየራቀ ወደ ማሳው ወረደ። ሰው ሁሉ ሙሽሮቹን ሊሸኝ ወጥቷል። እናትየው ያለቅሳሉ።

«ምን ያስለቅስሻል፣ ቅርብ ነች እኮ» ይላሉ አባትየው።

«ለሷ አይደለም» ይላሉ እናትየው።

አንዲት ዶሮ በዚያ አለፈች መሰለኝ፣ ድምፅዋ ገብቷል። ከዚያ አባትየው የታላቂቱን ልጃቸውን ስም ጠሩ። «ባለሽበት ይቅናሽ» አሉ። «ክፉ አይንካሽ። ከሰው አገር በደህና ይመልስሽ። እኔ ይቅር ብዬሻለሁ፣ እሱም ይቅር ይበልሽ።» አሜን ያሉት እናትየው ብቻ ናቸው።

ሦስት ጊዜ ሰማሁት። አለቀስኩም፤ የሠራሁት ፊልም እኔን ሲያስለቅሰኝ ያ የመጀመሪያው ነው። ልጅቱ የፈለገችውን፣ ከፈለገችውም በላይ እጄ ላይ ይዣለሁ። ግን ሰውየው ይህን የተናገሩት ለሚስታቸው ነው። እኔ ገና በአፌ ሳነሣት ጥለውኝ የሄዱ ሰው ናቸው። ሳልጠይቅ ብልከው ሌባ እሆናለሁ፤ ብጠይቃቸውና አጥፋው ቢሉኝ ደግሞ እሷ ምንም አይደርሳትም። ሁለት ቀን እህል አልበላልህ አለኝ።

ሙሽሮቹ ለመልስ ወደ ሙሽሪት ወላጆች ቤት ሲመጡ አንድ ካሜራ ብቻ ይዤ ሄድኩ። አባትየውን ከሰው ነጥዬ ከግቢው ማንጎ ዛፍ ሥር አቆምኳቸው።

«ጋሼ፣ ያን ዕለት ሰው ወጥቶ ሲያልቅ ያሉትን ካሜራው ሰምቷል።»

«የቱ ካሜራ?»

«ነጠላ የለበሰው።»

«ተሸፍኖ?»

«ተሸፍኖም ይሰማል።»

ፊታቸው ጠቆረ። «ይጥፋ ካሉኝ አሁኑኑ አጠፋዋለሁ» አልኩ። ከዳሱ በኩል ለምሳ ሲጠሯቸው ሰሙ፤ አልሄዱም።

«ስሟን ጠርቻለሁ?» አሉኝ በመጨረሻ።

«ጠርተዋል።»

«ይሰማል?»

«ጥርት ብሎ ይሰማል።»

«ስድስት ዓመት ሙሉ ከአፌ አልወጣም። ጠፍቶብኝ እንደሁ ብዬ ነው።» ወደ ዳሱ መንገድ ጀመሩ። «በል፣ ላክላት።»