ጣቱ የጎደለው ገብስማ

ዘንድሮ መሥሪያ ቤታችን ለገና ስጦታ እንለዋወጥ ተባለና ዕጣ ወጣ። ለእኔ በሚያብረቀርቅ ወረቀት የተጠቀለለ ኩባያ ደረሰኝ። ማን እንደሰጠኝ አይነገርም፤ ሕጉ ነው አሉ። ኩባያው ደህና ነው፣ ሻይ እጠጣበታለሁ። ግን ሰጪው የማይታወቅ ስጦታ ምኑ ስጦታ እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም። እኔ መቱ ባደግሁበት ሰፈር ሰጪው ቀርቶ ዶሮው እንኳ ይታወቅ ነበር።

ጎረቤታችን ከወሎ በሰፈራ መጥተው ኋላ ከተማ የገቡ፣ ገበያ ላይ ጨውና በርበሬ የሚሸጡ ሰው ነበሩ። እሳቸውን ጋሼ፣ ሚስታቸውን እትዬ እንላለን። እነሱ ሙስሊም ናቸው፣ እኛ ኦርቶዶክስ። አንዳችን ያረድነውን ሌላው ስለማይበላ፣ በበዓል የምንሰጣጠው ነገር ከነነፍሱ ነው። ጋሼ በገና ዋዜማ አውራ ዶሮ እግሩን አስረው ያመጣሉ፤ እኛ በአረፋ ብድራቸውን እንመልሳለን። እናቴ ኡካ ከምትባል ሌላ ከተማ የመጣች ናት፤ መቱ ውስጥ እናትም እህትም አልነበራትም። እኔ ስወለድ ያረሷት እትዬ ናቸው። ለእሷ ዘመድ ማለት ያ ቤት ነበር።

አንድ ገና ጋሼ ያመጡት ገብስማ ነበር፤ ደረቱን የነፋ፣ ከግራ እግሩ አንድ ጣት የጎደለው። አባቴ አስቀድሞ ዶሮ ገዝቶ ስለነበር እናቴ "ይኼ ለፋሲካ ይቆይ" አለችና ተረፈ። መትረፉን ያወቀ ይመስል ግቢውን ወረሰው። ወቅቱ ደግሞ ቡና የሚሰጣበት ነው። አባቴ ጀንፈሉን፣ ከነገለባው ያለውን ቡና፣ አስጥቶ ዞር ሲል ዶሮው እየጫረ ይበትንበታል። አባቴ ቀኑን ሙሉ ድንጋይ ሲወረውር ይውላል፤ አንድም ቀን አልመታውም።

በዚያ ዓመት አረፋ ከገና ብዙም አልራቀም። እናቴ ለቅሶ ብላ ጎሬ ሄዳ ስለነበር ስጦታ ማድረሱ ለአባቴ ወደቀ። አባቴ ክፉ ሰው አይደለም፤ በዓል ሲሆን ግን ከፊቱ ያገኘውን አንሥቶ የሚሄድ ዓይነት ነው። ገብስማውን ይዞ፣ ከጀንፈል በታኙ በመገላገሉም ደስ ብሎት፣ "እንኳን አደረሳችሁ" ብሎ ሰጥቷቸው መጣ።

እናቴ ከጎሬ እንደገባች "ዶሮው የታለ?" አለች። ነገራት። ስትደነግጥ ኦሮምኛ ይቀድማታል። "ማል ጎቴ?" አለችው፤ ምን አደረግህ ማለቷ ነው።

"ምን አደረግሁ? ዶሮ ሰጠሁ።"

"የሰጡንን መልሰህ?"

አባቴ ያኔ ገባው። ግን እንዲህ በቀላሉ የሚሸነፍ ሰው አይደለም። "ዶሮ ዶሮ ነው፣ ማን ይለየዋል?" አለ።

"ጣት የጎደለው ገብስማ መቱ ውስጥ ስንት አለ?"

የሰጡትን መመለስ በእኛ ዘንድ ስጦታችሁን ናቅን ማለት ነው። እናቴ ሄዳ ይቅርታ እንዳትጠይቅ፣ ካላስተዋሉት ራሷ ልታሳያቸው ነው። ዝም እንዳትል አንጀቷ አልቻለም። ያን ዓመት እትዬ ሰላምታቸውን ትንሽ ካሳጠሩ "ይኸው ተቀየሙኝ" ትላለች። ጨው ጨመር አድርገው ከሰፈሩላት ደግሞ "ሊያሳፍሩኝ ነው" ትላለች። ያለችኝን ዘመድ በገዛ ዶሮዋ አጣኋት እያለች ስትብሰለሰል ከረመች። ልጅ ብሆንም ሰለቸኝ።

የሚቀጥለው ገና ዋዜማ ጋሼ መጡ። ክንዳቸው ሥር ያው ገብስማ አለ፤ ጣቱም እንደጎደለ ነው። ወፍሯል። ለእናቴ አቀበሏትና "መንገዱን ለምዷል፤ እኔ ባልይዘው ብቻውን ይመጣ ነበር" አሉ። እናቴ ሳቀች፤ ወዲያው ደግሞ ዶሮውን እንደታቀፈች አለቀሰች። አባቴ ጀንፈሉን ሊሰበስብ ወጣ።

ከዚያ ወዲህ ያን ዶሮ ለማረድ የደፈረ የለም። ለገና ወደ እኛ፣ ለአረፋ ወደ እነሱ። ሰፈሩ ሳቀብን። ከማዶ ያሉት ጴንጤ ጎረቤታችን "ከቀበሌ መታወቂያ አውጡለት እንጂ" ይሉን ነበር።

ኋላ አንድ ገና ጋሼ ይዘውት የመጡት ገብስማ ጣቱ ሙሉ ነበር። እናቴ እግሩን አየች፣ እኔ እናቴን አየሁ። አባቴ አፉን ሲከፍት በዓይኗ አስቆመችው። "ደህና ከርሟል" አለች ለጋሼ። ጋሼም "ምን ሆኖ፣ ሲበላ ነው የሚውለው" አሉና መሬት መሬት አዩ። ነገሩ በዚሁ ታለፈ፤ ለዓመታት ማንም አላነሣውም።

ጋሼ ክረምት ሲገባ ሞቱ። እኔ ያኔ ሥራ ይዤ በደሌ ነበርኩ፤ ለገና መቱ መጣሁ። ዋዜማው ላይ በየቤቱ ዶሮ ይገነጠላል፤ የእኛው ተገዝቶ እንደታሰረ ነው። እናቴ አላሳርድም አለች። የአጥሩን በር ወለል አድርጋ ከፍታ ደፉ ላይ ተቀመጠች።

"ምኑን ነው የምንጠብቀው?" አልኳት፤ ተናድጄ ነበር። "ጋሼ የሉም እኮ እማዬ።"

ገብስማው ካልመጣ ዝምድናውም ከጋሼ ጋር ተቀበረ ማለት ነው፤ የፈራችው ይህን ነበር።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል እትዬ በበሩ ገቡ። ገብስማ ታቅፈዋል፤ ግራ እግሩ በጨርቅ ተጠቅልሏል።

"ተሰብሮ ነው?" አልኳቸው።

እትዬ አፈሩ። "አይ ልጄ። የዱሮውን ሸለምጥማጥ ከበላው ቆየ። ጋሼሽ ጎሬ ድረስ ሄደው መሳዩን ፈልገው አመጡ። ጣቱን ግን ከየት ያምጡት? በየዓመቱ 'አይተውብኝ ይሆን' እንዳሉ ነው። በታመሙ ሰሞን እንኳ አነሡት። ያም ሞተና ይኼኛውን እኔ ገዛሁት፤ የእሱም ጣት ሙሉ ነው። ባይታይ ይሻላል ብዬ ሸፈንኩት።"

እናቴ ዶሮውን ተቀበለቻቸው። እግሩን አላየችም። "የምን ጣት?" አለች፤ "ይኼማ ያው የእኛው ነው። ይግቡ።"

ገብስማው እስከ አረፋ ከእኛ ጋር ከረመ። ወደ እትዬ ልንወስደው ስንል እናቴ ጨርቁን ፈታ አጠበችው፤ ሲደርቅም እዚያው ግራ እግሩ ላይ መልሳ አሰረችው።