ኢንተርቪዋን እስክትጨርስ

እኔ ፊቴ ነገር አይደብቅም። እዚህ አሜሪካ፣ ፌርፋክስ የአበሻ ሰፈር የሚያውቀኝ ሰው ሁሉ ይህን ይመሰክራል። ሆዴ የገባ ነገር ወዲያው ቅንድቤ ላይ ይወጣል ይሉኛል። ታዲያ ከዚህ ሁሉ ሰው መሀል መርጠው ያንን ጉድ እኔ ላይ መጣላቸው ምን የሚሉት ነው?

ኤልዳና ጓሮ ያለችውን ክፍሌን ተከራይታ መኖር ከጀመረች ቆይታለች። ጎንደር ሕክምና ተምራ ዶክተር ተብላ የመጣች ልጅ፣ እዚህ ዌስትውድ አንድ ክሊኒክ ውስጥ ስልክ ታነሳለች። እዚህ አገር ሐኪም ሆኖ ለመሥራት ፈተናውን ማለፍ ብቻ አይበቃም፤ አንድ ሆስፒታል ተቀብሎ ማሰልጠን አለበት፤ ሬዚደንሲ ይሉታል። ለዚያ ደግሞ መጀመሪያ ለኢንተርቪው መጠራት አለ። ካቻምና ማንም አልጠራትም፣ አምናም እንደዚያው። ዘንድሮ አንድ ሆስፒታል ብቻ ጠራት፣ ያውም የአራት ሰዓት መንገድ ፍሬስኖ። ሌሎቹ በዙም ነው የሚያነጋግሩት አሉ፤ እነዚህ ግን በአካል ካልመጣሽ አሏት። ከተመረቀች እየቆየ በሄደ ቁጥር ማንም ዞሮ አያያትም፤ እሷም ይህን ታውቃለች። ሶ፣ ያቺ አንዲት ኢንተርቪው ነበረች ያለቻት።

ሰኞ ማታ ከምሠራበት ፓርኪንግ ቁጭ ብዬ ሳለ ስልኬ ጠራ። ዳጊ ነው፣ ታናሽ ወንድሟ፣ ከደብረ ብርሃን፤ እዚያ ነግቷል።

«እትዬ ፅጌ፣ ብቻሽን ነሽ?» አለኝ።

ይህን ጥያቄ የማያውቅ አበሻ የለም። አባታቸው ጋሽ አሰፋ እራታቸውን በልተው እንደተኙ በዚያው አልተነሱም። ምንም የታመሙት ነገር አልነበረም። ዳጊ እያለቀሰ፣ «ለእህቴ እንዳይነገራት፤ ኢንተርቪዋን እስክትጨርስ ብቻ» አለኝ።

ምን ላድርግ፣ ቀጥ ብዬ ጋሽ ብርሃኑ ዘንድ ሄድኩ። የእድራችን ሰብሳቢ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ታክሲ ነድተው ጡረታ የወጡ ሰው። ነገሩን ሰምተው ፈረዱ።

«መርዶ መንገድ ላይ አይነገርም። ረቡዕ ኢንተርቪዋን ትጨርስ፤ ሐሙስ ሳይነጋ ሰው ሰብስበን ቤትሽ እንመጣለን። አንቺ ግን በመኪናሽ ይዘሻት ሂጂ፣ ይዘሻት ተመለሺ። ብቻዋን አውቶቡስ ላይ ሆና ብትሰማስ?»

«ጋሼ፣ የእኔን ፊት ረሱት እንዴ? ሌላ ሰው ይላኩ እንጂ።»

«ሌላ ሰው ካጀባት ትጠረጥራለች» አሉ። እሳቸው አንዴ ካሉ አሉ ነው።

በማግስቱ እኔ ድራይቭ አደርግሻለሁ ስላት ኤልዳና አፍጥጣ አየችኝ። «አንቺ ፓሳዴና እንኳ ሩቅ ነው እያልሽ የምታማርሪ ሰው፣ ምን ነካሽ?»

«ፍሬስኖ ዘመድ አለኝ።»

«ማን?»

«አታውቂውም» አልኩና ሻንጣዋን መኪና ላይ ጫንኩ።

ወደ ፍሬስኖ የሚወስደውን ተራራ ስንወጣ መልሶቿን ጮክ ብላ ትለማመዳለች። ለምን ሐኪም ሆንሽ፣ ድክመትሽ ምንድን ነው፣ የመሳሰለውን። ስልኳ ጭኗ ላይ ነው፤ በነዘረ ቁጥር በቆረጣ አያለሁ። ዳጊ ዘመዱን ሁሉ አፋችሁን ያዙ ብሏል። ግን ዳላስ አንዲት የአክስታቸው ልጅ አለች፤ የሞተ ሰው ፎቶ ከሻማ ጋር ፌስቡክ ላይ ካልለጠፈች እንቅልፍ የማይወስዳት። ነዳጅ ልንቀዳ ስንቆም ሽንት ቤት ገብቼ በእኔ ስልክ አየሁ። የእጇን ይስጣትና ለጥፋዋለች። ጋሽ አሰፋ በሙሉ ሱፍ ፈገግ ብለው፣ ከሥር ነፍስ ይማር የሚል መዓት።

ወጥቼ፣ «ስልክሽን አምጪ» አልኳት። «ነገ ኢንተርቪው ያለበት ሰው ዛሬ ስልክ አይነካካም። አእምሮ ያደክማል።»

«ይሄን ማን ነገረሽ?»

«ፓርኪንጌ ላይ ስንት ዶክተር ነው የሚያልፈው መሰለሽ?»

ሳቀችና አጥፍታ ሰጠችኝ። «ግን ጠዋት አባዬን ሳላናግር አልገባም። እሱ ሳይመርቀኝ ፈተና ገብቼ አላውቅም።» ከዚያ በኋላ እስክንደርስ ድረስ ሬዲዮኑን ጮክ አድርጌ ከፈትኩት።

ረቡዕ ጠዋት ያደርንበት ሞቴል በር ላይ ቆመናል፤ ጉሙ መንገዱን ሁሉ ውጦታል። ሱፏን ለብሳ፣ ፀጉሯን ወደ ኋላ አስራ፣ እጇን ዘረጋችልኝ። ምን ብዬ ልከልክላት? ስልኩን ሰጠኋት፣ ግን ፌስቡክ እንዳትከፍት አጠገቧ ተገተርኩ። የአባቷን ቁጥር መታች። ዝግ ነው። ደግማ መታች። ከዚያ ዳጊ ጋ ደወለች፤ አነሳው። ለቅሶ ቤት መሀል ያለ ልጅ፣ እግዜር ያሳያችሁ።

«አባዬስ?» አለችው። «ጸበል? መቼ ሄደ? ድምፅህ ምን ሆኗል? ጉንፋን ነው?»

እያወራች እኔን ታየኛለች። ዓይኗን ላለማየት ጎንበስ ብዬ ክር የሌለውን ጫማዬን ማሰር ጀመርኩ። ስልኩን ዘግታ መልሳ ሰጠችኝና፣ «ጸበል ሄዷል አለኝ። እንግዲህ ማን ይመርቀኝ?» አለች፤ ለቀልድ ያህል ነው፣ ግን ከፍቷታል።

«ነይ፣ እኔ ልመርቅሽ።»

እኔ ወልጄም መርቄም አላውቅም። ራሷ ላይ እጄን አድርጌ፣ በሩን ይክፈትልሽ፣ በሰው ፊት ሞገስ ይስጥሽ፣ ያሰብሽው ይሙላልሽ አልኩና ድምፄ ተቆረጠ። እሷ አንገቷን ደፍታ አሜን ትላለች።

«ታለቅሻለሽ እንዴ?»

«ጉሙ ነው፣ ዓይኔን አይወድልኝም። አሁን መኪና ውስጥ ግቢ፣ አረፈድሽ።»

ሆስፒታሉ ፓርኪንግ ውስጥ ቁጭ ብዬ ዋልኩ። መቼም በጋሽ ብርሃኑ እንደዚያ ቀን ተናድጄ አላውቅም። ደግሞ ወዲያው ራሴን እሞግታለሁ፤ ምን ያድርጉ፣ ልጅቷ አንድ ዕድል ነው ያላት፤ ዛሬ ሰምታ ብትቀርስ? ደግሞ እንደገና፣ አባቷ አፈር ገብተው እሷ ስለ ድክመቷና ስለ ጥንካሬዋ ታወራለች እላለሁ። የገዛሁት ሳንድዊች እንደታሸገ ቀረ።

ስትወጣ እየሮጠች ነበር። ያንን ፈገግታዋን አይቼው አላውቅም። ገብታ ቀበቶዋን ሳታስር ወሬዋን ጀመረች። እኔም ከከተማው እየወጣሁ አዳምጣለሁ።

«ኃላፊዋ ሴት ናት። ከሁሉ የወደደችው አንዱን መልሴን ነው። ሰው ሲሞት ለቤተሰቡ እንዴት ትነግሪያለሽ አለችኝ።»

«ምን አልሻት?» አልኳት።

«መጀመሪያ የእኛን አገር ነገርኳት። እንደሚደበቅ፣ ዘመድ ተሰብስቦ ጠዋት እንደሚነገር። ለምን ስትለኝ፣ ሰውየው ብቻውን ሆኖ እንዳይሰማ ነው አልኳት። ይሄ ደግ ነገር ነው አልኳት። ግን እኔ እንደዚያ አላደርግም። አስቀምጠዋለሁ፣ አጠገቡ እቀመጣለሁ። አሞታል፣ ደክሟል እያልኩ አልዞረውም። ሞቷል እላለሁ፤ ከዚያ ዝም እላለሁ። የሞተው የእሱ ሰው ነው፣ እኔ አውቄ እሱ ሳያውቅ ማደር የለብኝም አልኳት። እስኪ ስልኬን ስጪኝ፣ ለአባዬ ልንገረው። አሁን እዚያ ሌሊት ነው፤ ግን ለዚህ ቢቀሰቅሱት አይከፋውም።»

የመንገዱ ዳር ላይ አንድ የፍራፍሬ መሸጫ አለ፣ ተዘግቷል። እዚያ ገብቼ ፓርክ አደረግሁ። ሞተሩን አጠፋሁ።

«ለምን ቆምሽ?» አለችኝ።

ጋሽ ብርሃኑ እንደፈለጉ ይቆጡ። ዞሬ ዓይኗን አየኋት። አርፈዋል ልል አፌ ላይ መጥቶ ነበር፤ ተውኩት።

«ኤልዳና፣ አባትሽ ሞተዋል። ሰኞ ማታ ተኝተው አልተነሱም። ትናንት ተቀብረዋል።»

ከዚያ ዝም አልኩ። በዕድሜዬ ዝም ብዬ የማላውቅ ሰው ዝም አልኩ።

አላለቀሰችም መጀመሪያ። «ዳጊ ጠዋት ያውቅ ነበር?» አለችኝ።

«ያውቅ ነበር።»

«ጋሽ ብርሃኑ?»

«ያውቃሉ። ሁሉም ያውቃል፣ ልጄ።»

«እኔ ብቻ ቀረሁ» አለችና ሱፏን ይዛ ተጠቅልላ ጮኸች። አቀፍኳት። ብዙ ካለቀሰች በኋላ ቀና ብላ፣ «ብትነግሩኝም እሄድ ነበር» አለችኝ። «አልቅሼ እሄድ ነበር። ሂጂ የሚለኝ እሱ ራሱ ነው። ለምን አትሄድም አላችሁ?»

ሶፍት አውጥቼ ሰጠኋት።

ያን ጊዜ ስልኬ ጠራ፤ በመኪናው ስፒከር ነው የሚጮኸው። ሳልደርስበት እሷ ተጭና አነሳችው። ጋሽ ብርሃኑ ናቸው።

«ፅጌ፣ ጨረሰች ወይ? ምንም አልሰማችም አይደል?»

«ሰምቻለሁ፣ ጋሼ» አለች ኤልዳና።

«ለነገ ጠዋት የጠራችሁትን ሰው ለዛሬ ጥሩልኝ» አለቻቸው። «እናንተ ሁላችሁም አልቅሳችኋል፣ እኔ ገና ነኝ። ለነገ አታሳድሩኝ፤ እየመጣሁ ነው፣ ቤት ጠብቁኝ።»

ጋሽ ብርሃኑ «እሺ ልጄ» አሉ። እኔም ሞተሩን አስነሳሁ።