ለሚወድቅ ጥርስ

በዚህ ጉዳይ አራት ሰዎች ነበርን። አንደኛው እኔ ነኝ፤ አናጢ፣ ማንበብን ለብቻዬ የተማርኩ። ሁለተኛዋ ባለቤቴ፤ ጂንካ ገበያ ጨርቅ ትነግድ ነበር። ሦስተኛዋ ከገዘር መጥታ ልጅ የምትይዝልን የባለቤቴ ታላቅ እህት። አራተኛዋ ዓመት ያልሞላት ልጃችን፤ ከታች ሁለት፣ ከላይ አራት ጥርስ ነበራት። የአውሮፕላን ማረፊያው ገና ከተማው መሀል የነበረበት፣ ከብትም የሚግጥበት ዘመን ነው።

ለክትባት ጤና ጣቢያ የወሰድኳት እኔ ነበርኩ። ነርሷ የልጄን ከንፈር ገለጥ አድርጋ አየችና፣ «ጡጦ አፏ ውስጥ ትታችሁ አታስተኟት። ስኳርም አትጨምሩበት። ጥርሷን ጠዋትና ማታ በንጹሕ እርጥብ ጨርቅ ጥረጉላት» አለችኝ። ቤት ገብቼ ቃል ሳልቀንስ ተናገርኩ።

የባለቤቴ እህት ሳቀች። «የወተት ጥርስ እኮ ነው! የወተት ጥርስ ወተት ካላገኘ ምን ሊጠጣ ነው፣ ዶክተርዬ?»

«ወተቱን ማን ከለከለ? ስኳሩንና ይዛው መተኛቷን ነው ያልኩት።»

«ቢበላሽስ? ይወድቃል። ሰው ለሚወድቅ ነገር ይጣላል እንዴ?»

ይወድቃል። በእኛ ሰፈር ይህ ቃል ክርክር ይዘጋል። ለራሱ መፋቂያ ከዛፍ መርጦ የሚቆርጥ ሰው የሕፃን ጥርስ ዞሮ አያይም። እኔ ግን አናጢ ነኝ። ለኮንክሪት የምመታው ጣውላም ኮንክሪቱ ሲደርቅ ይነቀላል፤ ጣውላው ከተጣመመ ግን ምሰሶው እንደ ተጣመመ ይቀራል። ይህን ነገርኳቸው። ጡጦውንም ሽንት ቤት ጣልኩት።

የባለቤቴ እህት ሌላ ገዝታ ከበቆሎው ጆንያ ኋላ ደበቀችው። ያወቅሁት በልጄ የላይ ጥርሶች ሥር ነጭ መስመር ወጥቶ፣ ቆይቶም ቡናማ ሲሆን ነው። ጆንያውን ሳነሣ ጡጦው ተገኘ፤ ውስጡ ሻይ ነበር፤ ያውም ስኳር በስኳር።

«አንቺም ታውቂ ነበር?» አልኳት ባለቤቴን። አንገቷን ደፋች። የመለሰችልኝ እህቷ ናት።

«ከሥራ ስትገባ ‹ይህችን ልጅ ዝም አሰኙልኝ፣ ላንብብ› ትላለህ። በምን ዝም ትበልልህ? በመጽሐፍህ?»

እውነቷን ነበር። ቢሆንም ውሸት ውሸት ነው፤ ከቤቴ ውጪ አልኳት። በማግስቱ ወደ ገዘር ተሳፈረች።

ብዙም ሳይቆይ የልጄ ጉንጭ አበጠ፣ ትኩሳት ያዛት። ሦስት ዓመት ሳይሞላት የላይ አራቱን ሆስፒታል አስነቀልን። ጭንቅላቷን የያዝኩት እኔ ነኝ፤ ባለቤቴ ከበር ውጭ ቆማ ነበር።

«ይወድቃል» የተባለው ጥርስ ጉዳቱን ይዞ አልሄደም። ቋሚዎቹ ዘግይተው ወጡ፤ ሁለቱ ተጣመው፣ አንዱ ነቁጥ ይዞ። ልጄ ዛሬ የልጅ እናት ናት። በመዘምራን መካከል ስትዘምር ፊቷን ዝቅ ታደርጋለች፤ ስትስቅም እጇ ከሳቋ ይቀድማል። የራሷን ልጅ ጥርስ በጨርቅ ስትጠርግ አይቻታለሁ። ይህን በማየቴ አመሰግናለሁ፤ ግን ለእርሷ ዘግይቷል።

እንግዲህ የከፈልነው ይህ ነው። ልጄ አራት ጥርስና ያልተሸፈነ ሳቅ። የባለቤቴ እህት በጀርባዋ ያዘለቻትን ልጅ፤ እስክትሞት ደጃችንን አልረገጠችም። ባለቤቴ እህቷን፤ ከዚያ ወዲህ ደግሞ እኔን ከሚያስፈልገው በላይ አላናገረችኝም። እኔም የፈለግሁትን አገኘሁ፦ ቤቱ ጸጥ አለ፤ ሳነብ የሚያቋርጠኝ የለም።