ከመቱ ያዮ፦ ሲያሰኛት በምትነሳ ሞተር ለሽምግልና

ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 12፡00 ሰዓት፣ መቱ

መቱ ጉሟን ተከናንባ ተኝታለች። ባጃጆቹ እንኳ ገና አልተነሱም። የተነሳሁት እኔ ነኝ። ያልተነሳችው ሞተሬ ናት።

ለማታውቋት ላስተዋውቃችሁ። ሲገዟት ቀይ ነበረች ይላሉ። ዕድሜዋን ለሚጠይቀኝ ሰው ከያዮ ጫካ በትንሽ ዓመት ታንሳለች እላለሁ። ሲያሰኛት ስታርተሯን ገና በዓይኔ ሳየው ትነሳለች። ሳያሰኛት ግን መብራቷ አይበራ፣ ጥሩምባዋ አይጮህ፤ ፔዳሏን ብረግጥ ብረግጥ የሚሞቀው የእኔ ጉልበት ብቻ ነው። ባትሪ ቀይሬላታለሁ። ካንዴላ ቀይሬላታለሁ። ፊውዟን፣ የስታርተር ቁልፏን፣ መካኒኬንም ጭምር ቀይሬያለሁ። አመሏ ግን ያው ነው።

ዛሬ ደግሞ ልትቀልድብኝ የማይገባ ቀን ነው። የወንድሜ ልጅ ሌሊሳ፣ መቱ የሚያስተምር ረጋ ያለ ልጅ ነው፤ ያዮ ያለችውን ጃለሌን ይወዳል፣ እሷም ትወደዋለች። ችግሩ፣ ነገ እሑድ ከበደሌ ሌሎች ሽማግሌዎች ለሌላ ሰው ሊጠይቋት በመኪና እየመጡ መሆኑ ነው። ስለዚህ እኛ ዛሬ፣ አባቷ አቶ ገመቹ ቡና ለማስለቀም ሦስት ሰዓት ላይ ከቤት ሳይወጡ በፊት ደጃቸው መቆም አለብን። ካመለጡን ማታ ነው የሚመለሱት፤ ማታ ደግሞ ሽማግሌ ደጅ አይቆምም።

ዋናው ሽማግሌ ጋሽ ቶሎሳ ናቸው፤ ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ጋቢያቸው ከበረዶ የነጣ፣ ከዘራቸው ከእኔ የረዘመ። ሦስተኛው ሽማግሌያችን ጉንፋን ጥሏቸው ቀሩ። ቁጥሩ እንዳይጎድል ሞተሯን ቆጠርናት።

«አንተ በላይ፣ ይቺ ነገር ታደርሰናለች?» አሉኝ ጋሽ ቶሎሳ፣ ከዘራቸውን ጎማዋ ላይ እየጠቆሙ።

«ጋሼ፣ ከተነሳች ጋምቤላም ታደርሰናለች።»

«እኔ ያልኩት ያዮ ነው።»

ሌሊሳ ከኋላ ገፋት። አሥር እርምጃ ሳንሄድ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ ተነሳች። ልጁ ላቡን እየጠረገ «አጎቴ፣ በናትህ እዚያ ሄደህ ቀልድ እንዳታበዛ» አለኝ። የቤተሰባችን ትልቁ ስጋት እኔ ነኝ እንግዲህ፤ ሞተሯ ሁለተኛ ናት።

12፡50፣ ሁሩሙ

አስፋልቱ በጤዛ ረጥቧል። ግራና ቀኙ ቡና ነው፤ በየደጁ ከፍ ባለ የማድረቂያ አልጋ ላይ የተሰጣ ቀይ ቡና፣ በየመንገዱ ዳር ከረጢት የተሸከሙ ሴቶች፣ ከጥላ ዛፍ ላይ ቁልቁል የሚታዘቡን ጉሬዛዎች። ጋሽ ቶሎሳ ከኋላዬ ወገቤን አንቀው ይዘውኛል። እስትንፋሴን የምስበው እሳቸው ሲያስሉ ብቻ ነው።

«ስማ፣» አሉኝ በጆሮዬ፣ «ይቺ ሞተር ወደ ግራ ስንታጠፍ ታስነጥሳለች።»

«ብርዱ ነው ጋሼ።»

«ወደ ቀኝ ስንታጠፍስ ብርድ የለም?»

ፍጥነት ጨመርኩ።

ሁሩሙ ሻይ ቤት በር ላይ ቆምን። እኔ ሞተሯን ሳላጠፋ፣ አንድ እጄን ጋዙ ላይ፣ አንድ እጄን ቂንጬው ላይ አድርጌ ቆሜ በላሁ። ቅቤው ጣት ያስልሳል፤ ሻዩ ዝንጅብል ገብቶበታል፤ የሁለታችንም ሒሳብ አንድ ላይ ተደምሮ መቱ የአንድ ሰው ቁርስ አይገዛም። የሻይ ቤቱ ባለቤት «ጋሼ፣ ፈረስ ነው እንዴ ልጓሙን የማይለቁት?» ብላ ሳቀችብኝ። ወሬ ይዤ ከእሷ ጋር ዞር ስል ጋሽ ቶሎሳ እጃቸውን ዘርግተው መሪዋን ወደ ራሳቸው ጎትተው ቁልፏን ጠረቅ አደረጓት።

«ምን አደረጉ?»

«ነዳጅ በነፃ ነው እንዴ የሚያድሉህ? ዝም ብላ የምትጮኸው ለምንድን ነው?»

አለቀልን። ስታርተሩ ዝም። ፔዳሉ ዝም። መብራቷም ጭልም። ከመንገዱ ማዶ ያለው መካኒክ እጁን በጨርቅ እየጠረገ መጣ፣ ዞራት፣ ራሱን ነቀነቀ፣ «ወደ እኔ በር ላምጣት» ብሎ መሪዋን አቃንቶ መንገዱን አሻገራት። እዚያ ስታርተሩን ሲነካው ወዲያው ተነሳች! ሐኪም ቤት በር ሲደርስ የሚድን በሽተኛ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እንደዚያ ናት። መካኒኩ የእኔን እንጂ የሞተሯን መታመም የጠረጠረ አይመስልም።

ከጠዋቱ 2፡25፣ ያዮ፣ የአቶ ገመቹ ደጅ

ደረስን! አቶ ገመቹ ቦት ጫማቸውን አጥልቀው ሊወጡ ሲሉ ደጃቸው ላይ ተገኘን። ሞተሯን አጥሩ ጥግ አቆምኳት፤ እንደ ልማዴ መሪዋን ወደ ግራ ጠምዝዤ ቆለፍኳት። እኔና ጋሽ ቶሎሳ ከአጥሩ ውጭ ጎን ለጎን ቆምን። ደንቡ ይታወቃል፤ ሽማግሌ እሺ ሳይባል አይቀመጥም፣ ውኃ እንኳ ከማንም አይቀምስም።

«አካም ቡልተን?» አሉ አቶ ገመቹ፤ እንዴት አደራችሁ ማለታቸው ነው።

ጋሽ ቶሎሳ የሰባት ቤት ዘር ቆጥረው፣ መርቀው፣ ተመርቀው፣ መጨረሻ ላይ ልጅቷን ጠየቁ። አቶ ገመቹ ረጅም ሰው ናቸው፤ ጢማቸውን እያሻሹ ቁልቁል አዩን።

«ቡናዬ ገና ተለቅሞ አላለቀም። ከወር በኋላ ተመለሱ» አሉና በሩን ገርበብ አድርገው ገቡ።

ወር! የበደሌዎቹ ነገ እየመጡ! ግን ቀጠሮ ቀጠሮ ነው፤ እጅ ነስተን ዞርን። ቁልፉን ከፈትኩ፣ ስታርተሩን ተጫንኩ። ዝም።

«ልግፋት» አልኩ።

ጋሽ ቶሎሳ ከዘራቸውን ደረቴ ላይ ገተሩት። «ልጅ ሊጠይቅ የመጣ ሰው ከልጅቷ ደጅ ሞተር እየገፋ አይወጣም። ነገ የበደሌዎቹ በመኪና ሲመጡ ሰፈሩ ምን ይላል? ቁም!»

ቆምን። ሃያ ደቂቃ። አርባ ደቂቃ። አቶ ገመቹም በእኛ ፊት አልፈው ቡና ማስለቀም አፍረው መሰለኝ ከቤት አልወጡም። እኔ በየአምስት ደቂቃው ስታርተሩን በቀስታ እነካለሁ፣ ጋሽ ቶሎሳ ጋቢያቸውን አስተካክለው እንደ ሐውልት ቆመዋል። ሰፈሩ ግን ይህንን በሌላ ዓይን እያየው ነበር። ከጎረቤት አንዲት እናት ወጡ፣ ቀጥሎ ሁለት፣ ቀጥሎ ግማሽ ያዮ። ግማሽ ኢሉባቦር ብል ደግሞ ማጋነን ይሆንብኛል።

«እናንተ፣ ሽማግሌዎቹ እሺ ካልተባልን አንሄድም ብለው ቆመዋል እኮ!»

«ገመቹ! አንተ ገመቹ! እኚህን ሽማግሌ ፀሐይ ላይ ገትረህ ቡና ትለቅማለህ?»

«ውኃ ብሰጣቸውም እንቢ አሉ! እንዲህ ያለ ሽምግልና አይቼ አላውቅም!»

እኔ አፌን ልከፍት ስል ጋሽ ቶሎሳ ሳይዞሩ «ዝም በል» አሉኝ። ዝም አልኩ። በሕይወቴ ሳልናገር ያተረፍኩት የመጀመሪያው ክብር ነበር።

ከረፋዱ 4፡00፣ እዚያው ደጅ

አቶ ገመቹ ወጡ። ፊታቸው ቀልቷል።

«ጋሽ ቶሎሳ፣ በሰፈር ፊት ልታሳፍሩኝ ነው? ቀጠሮ ሰጠሁ እኮ!»

ሰውየውን ሳያቸው አሳዘኑኝ። በውሸት ያገኘነው እሺታ ለሌሊሳም አይበጀውም፤ ነገ ቢሰሙ ዕድሜ ልክ አማች ሳይሆን ባላንጣ ነው የሚሆኑበት።

«ጋሽ ገመቹ፣» አልኩ፣ «እውነቱን ልንገርዎት። ቀጠሮውን አክብረን ልንሄድ ነበር። ሞተሯ ናት አልነሳ ያለችው።»

መጀመሪያ እኚያ የጎረቤት እናት ሳቃቸውን ለቀቁት፣ ቀጥሎ ሰፈሩ በሙሉ። ጋሽ ቶሎሳ ዓይናቸውን ጨፈኑ። እኔ የሌሊሳ ጋብቻ ከሳቁ ጋር አብሮ ሲበተን ታየኝ።

አቶ ገመቹ ግን አልሳቁም። «ታዲያ ገብታችሁ አትነግሩኝም ነበር?»

«እሺ ሳንባል እንዴት እንገባለን?» አሉ ጋሽ ቶሎሳ።

አቶ ገመቹ ወደ ውስጥ ገብተው ፒንሳ፣ ናስትሮና ሁለት ሽቦ የተቀጠለበት ትንሽ አምፖል ይዘው ተመለሱ። ለካስ በወጣትነታቸው የቡና መፈልፈያ ሞተር የሚጠግኑ ሰው ኖረዋል። አምፖሏን ባትሪው ላይ አስነኩ፤ በራች። «ባትሪህ ደህና ነው። መቼ መቼ ነው የምትታመመው?»

«ሲያሰኛት» አልኩ።

«ወደ ግራ ስንታጠፍ ታስነጥሳለች» አሉ ጋሽ ቶሎሳ።

አቶ ገመቹ ቀና ብለው አዩዋቸው፣ ቀጥሎ መሪዋን ያዙ። አቃኑት፤ መብራቷ ቦግ! ወደ ግራ መለሱት፤ ድርግም። ወደ ቀኝ፤ ቦግ። አንድ ዓመት ሙሉ ባትሪና ካንዴላ ስገዛላት መሪዋን አጣምሜ የማቆማት እኔ ራሴ ነበርኩ! ስትገፋና መካኒክ ጋ ስትሄድ የምትድነው መሪዋ ስለሚቃና ነበር። ከመሪው አንገት ሥር ያለውን የሽቦ መሸፈኛ ሰነጠቁት። ላስቲኩ ከላይ ደህና ነው፤ ውስጡ ያለው ሽቦ ግን ተበጥሶ በአንድ ጭራ ብቻ ተንጠልጥሏል። ቀጠሉት፣ ትንሽ ርዝመት ጨመሩለት፣ በናስትሮ ጠቀለሉት። መሪዋን ወደ ግራ ጥግ አድርሰው ስታርተሩን ነኩ። ያዮ በጩኸቷ ተናወጠች።

«በሉ እንግዲህ፣» አሉ እጃቸውን እየጠረጉ፣ «ሞተራችሁ ተነስታለች።»

ሂዱ ማለታቸው ነው። ጋሽ ቶሎሳ ጋቢያቸውን ሰበሰቡ። ያን ጊዜ ከበሩ አጠገብ አንዲት ቀጭን ልጅ፣ እጇን አጣምራ ቆማ፣ «አባዬ» አለች። ጃለሌ ናት።

«አቤት?»

«የወር ቀጠሮ የሰጠኸው ይቺ ሞተር በወሩ ተመልሳ ትመጣለች ብለህ ነው?»

ሰፈሩ በሳቅ ፈረሰ። አቶ ገመቹ ሳቃቸውን ጢማቸው ውስጥ ሊደብቁ ታገሉ፣ አልተሳካላቸውም። ቀጥሎ ግን ድምፃቸው ዝቅ አለ።

«አንቺስ ምን ትያለሽ ልጄ?»

«የነገዎቹ ሰዎች ከበደሌ ድረስ እንዳይደክሙ ይነገራቸው።»

አቶ ገመቹ በሩን ወለል አድርገው ከፈቱ። «ጋሽ ቶሎሳ፣ ይግቡ። አንተም ግባ፣ እውነት ተናጋሪው።»

በላን። የቀረበልን የጫካ ማር ብቻውን አንድ ጽሑፍ ይወጣዋል።

ከቀኑ 11፡15፣ መቱ መግቢያ

ጋሽ ቶሎሳ ለሌሊሳ በስልክ እንዳልናገር ገዝተውኛል፤ የእሺታ ቃል በሽማግሌ አፍ ነው የሚገባው ብለው ስልኬን ኪሳቸው ከተቱት። ስለዚህ ከያዮ እስከ መቱ ሙሉውን መንገድ ቀልድ ሳዘጋጅ መጣሁ። «ልጅቷን ለበደሌዎቹ ሰጥተው እኛን ሞተራችንን ጠግነው ሸኙን» ልለው ነበር። ፊቱ ሲጠቁር ላይ፣ ቀጥሎ ልስቅበት።

ሌሊሳ ከተማው መግቢያ ላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ጠዋት የለበሰው ያው ሸሚዝ ነው፤ ምሳም የበላ አይመስልም። ሲያየን ተነሳ፣ ግን ወደ እኛ አልሮጠም። ባለበት ቆሞ ሁለት እጁን ኪሱ ከተተ።

አፌን ከፈትኩ። ቀልዱ ጠፋኝ።

«እሺ ብለዋል» አልኩት።